ለልጄ መቀመጫ የገዛሁት ነጭ ቅባት እና የሸጠችልኝ ፋርማሲ

ቀጥታ ልግባ። ዳይፐር ያቃጠለው ልጅ ላለበት ቤት አንድ ቅባት ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ተራውን ዚንክ ኦክሳይድ ነው የምመርጠው። ሽቶ የለውም። ማሸጊያው አያምርም። ነጭ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ጣት ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል፣ ልብስ ከነካም ቶሎ አይለቅም። ግን ባለፉት ወራት ቤቴ ከገቡት ቅባትና ፓውደር ሁሉ ልጄን እንቅልፍ ያስተኛልኝ እሱ ነው። ስለዚህ ስለ ቅባቱም፣ ስለ ፋርማሲውም፣ ቅባቱ ስለማይሠራበት ጊዜም የማውቀውን ሁሉ ልጻፍላችሁ። ልጇ እያለቀሰባት ሌሊት ስልኳን ይዛ የምትፈልግ እናት ካለች ለእሷ ነው።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ አራተኛ ፎቅ። የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ማለት ነው። እዚህ የሚኖር ሰው ያውቀዋል፤ ነፋስ አለ፣ አቧራ አለ፣ ውኃ በፈረቃ ነው፣ ሲመጣም እኛ ፎቅ ድረስ ለመውጣት አቅም ያጥረዋል። ይህን የምነግራችሁ በምክንያት ነው። "መቀመጫውን በንጹህ ውኃ በደንብ እጠቢው" ማለት ቀላል ነው። ከታች በጄሪካን ተሸክማ ለምታወጣ ሴት ግን እያንዳንዱ እጥበት የሚቆጠር ነው።

ልጄ ስድስት ወር እስኪሞላው ጡት ብቻ ነበር የሚጠባው። በዚያ ሁሉ ጊዜ መቀመጫው ላይ ቅላት የሚባል አላየሁም። አጥሚት፣ ድንች፣ ገንፎ ስንጀምርለት ካካው ተለወጠ። ሽታው ከበደ፣ በቀን የሚለውም ቁጥር ጨመረ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደግሞ ተቅማጥ ያዘው። አንድ ማክሰኞ ጠዋት ዳይፐሩን ስፈታ መቀመጫው ሁለቱም በኩል በርበሬ የተቀባ ይመስላል። ለብ ያለ ውኃ ሳስነካው የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። የራብ ለቅሶ አይደለም፣ የእንቅልፍም አይደለም። እግሮቹን ወደ ሆዱ ሰብስቦ፣ ትንፋሹ እስኪቆራረጥ ነው ያለቀሰው።

ከዚያ ምክር ዘነበ። እናቴ በስልክ "ለጋ ቅቤ ቀቢው፣ እናንተን ያሳደግኩት በሱ ነው" አለችኝ። ቀባሁት። ቅቤው የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ወዲያው ይቀልጣል፣ ዳይፐሩ ይመጠዋል፣ ከአንድ ሽንት በኋላ ቆዳው ላይ የቀረ ነገር የለም። ያልተነጠረ ቅቤ ደግሞ ንጽሕናው አይታወቅም፤ የተላጠ ቆዳ ላይ እሱን ማድረግ ልቤ አልወደደውም። እናቴን ግን አልወቅሳትም። በሷ ጊዜ ቤታችን የነበረው ሽንት ጨርቅ ነው። ሽንት ጨርቅ ሲረጥብ ወዲያው ይታያል፣ ወዲያው ይቀየራል። እኔ ግን አራት ሰዓት ሙሉ ሽንቱን ውጦ ደረቅ በሚመስል ዳይፐር ነበር የምታለለው።

የጎን ጎረቤቴ ፓውደር ይዛ መጣች። "ነስንሺበት፣ ይደርቅልሻል።" ነሰነስኩ። መስኮቱ አጠገብ ስለነበርን ብናኙ ተነስቶ በፀሐይዋ ውስጥ ሲንሳፈፍ፣ ከዚያ ፊቱ ላይ ሲያርፍ አየሁት። ልጁ አስነጠሰ። ኋላ እንደተረዳሁት ሐኪሞች የሕፃን ፓውደርን፣ በተለይ ታልክ ያለበትን፣ የማይመክሩት ለዚህ ነው፤ ብናኙ በትንፋሽ ወደ ሳንባ ይገባል። ሽንት ሲነካው ደግሞ ብሽሽቱ ውስጥ እንደ ጭቃ ይጋገራል፣ የተጋገረው ራሱ ቆዳውን ይፈገፍጋል።

የሦስተኛው ነገር ግን የባሰ ነው። ባሌ ከሥራ ሲመለስ ታክሲ መውረጃው አካባቢ ካለ አንድ መድኃኒት ቤት ገብቶ "ለሕፃን ነው፣ ዳይፐር አቃጥሎት" ሲል፣ ዕድሜውን እንኳ ሳይጠይቁት አንድ ትንሽ ቱቦ ሰጡት። ቀባሁት። በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ። እግዚአብሔርን አመሰገንኩ፣ ለጎረቤትም አወራሁ። መቀባት ሳቆም በሳምንቱ ተመለሰ፣ ከበፊቱ ብሶ። እንደገና ቀባሁ፣ እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ዙር ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ያብለጨልጭ ጀመር።

እዚህ ላይ ነው ፋርማሲው የሚመጣው። ከብሎካችን ዝቅ ብሎ፣ ሴቶቹ ቲማቲምና ቃሪያ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡበት አጠገብ፣ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ የሚቆምበት ጠባብ ቤት ነው። ልጁን አዝዬ ባዶውን ቱቦ ይዤ ገባሁ። ሌላ አንድ ልገዛ ነበር። ፋርማሲስቷ ወጣት ናት። ቱቦውን ተቀብላኝ ጀርባውን አዞረችና ጥቃቅኑን ጽሑፍ በጥፍሯ እየተከተለች ሦስት ስም አነበበችልኝ፤ ቤታሜታዞን፣ ጄንታማይሲን፣ ክሎትሪማዞል።

"ስንት ቀን ቀባሽው እህቴ?"

"ሲመለስበት እየቀባሁ... ሦስት ሳምንት ይሆናል።"

"ዳይፐር እያሰርሽበት?"

"አዎ።"

ቱቦውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። "ይሄን ለሱ አልሸጥልሽም" አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም። ቤታሜታዞን ጠንካራ ስቴሮይድ እንደሆነ አስረዳችኝ። ቅላቱን ያጠፋዋል፣ ቅላቱን ያመጣው ነገር ግን እዚያው ነው። ዳይፐር ደግሞ ቆዳን አፍኖ ስለሚይዝ መድኃኒቱ ከወትሮው በላይ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፤ ቆዳ ያሳሳል፣ በሕፃን ላይ ሲደጋገም ወደ ደምም ሊገባ ይችላል። ጄንታማይሲን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው፣ ክሎትሪማዞል የፈንገስ። "ባክቴሪያም ፈንገስም መኖሩን ማንም አላየለትም፣ ግን ለሁሉም ታክሟል" አለችኝ።

ከዚያ "እስቲ አሳዪኝ" አለች። ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ዳይፐሩን ፈታሁ። በእጇ አልነካችውም፣ የብሽሽቱን እጥፋት እኔው እንድከፍት አደረገችኝ። ቅላቱ ያለው ጎላ ጎላ ባለው ቦታ ላይ ነው፤ መቀመጫው ላይ፣ የታፋው ጀርባ፣ ዳይፐሩ የሚነካው ሁሉ። እጥፋቱ ውስጥ ያለው ቆዳ ግን ደህና ነው። "ይሄ ተራ መቃጠል ነው። ፈንገስ ቢሆን እጥፋቱ ውስጥ ነበር የምናገኘው።" ይህቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ። በኋላ ትጠቅመናለች።

ከመደርደሪያው ያወረደችልኝ ቱቦ ዋጋው አንድ ፓኬት ዳይፐር ከምገዛበት ብር ሩቡን እንኳ አልሞላም። ላዩ ላይ ዚንክ ኦክሳይድ 15 ፐርሰንት ይላል። ከ10 እስከ 40 ፐርሰንት ድረስ የሚሸጥ አለ። ከፍ ያለው ይበልጥ ወፍራምና ደረቅ ይሆናል፣ ለተላጠና ለከፋ መቃጠል እሱ ይሻላል አለችኝ፤ ለኛ ግን 15ቱ በቅቷል።

እንዴት እንደሚሠራ ሲገባኝ ነው አቀባቡም የገባኝ፣ ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝ። ሽንት ቆዳውን ያረጥበዋል። የረጠበ ቆዳ ይሳሳል፣ ሲፈገፈግ ይላጣል። እሳቱ የሚመጣው ግን ካካ ሲጨመርበት ነው። ካካ ውስጥ ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች አሉ፤ ቆዳ ላይ ሲቆዩ ቆዳውንም መብላት ይጀምራሉ። በዚያ ላይ ካካ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች የሽንቱን ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለውጡታል። ጤነኛ ቆዳ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ አሞኒያው ያንን ያበላሸዋል፣ ያኔ ኢንዛይሞቹ የባሰ ይበረታሉ። ጡት ብቻ የሚጠባ ልጅ ካካው ራሱ አሲዳማ ስለሚሆን ያን ያህል አይቃጠልም። ልጄ ስድስት ወር ደህና ከርሞ ምግብ ሲቀምስ ለምን እንደተቃጠለ ያኔ ነው የተገለጠልኝ። እኔ ከእጄ ቆሻሻ መስሎኝ ራሴን ስወቅስ ነበር የከረምኩት።

ዚንኩ እዚህ መሃል የሚገባ አጥር ነው። ሽንቱና ካካው ቆዳውን እንዳያገኙት ይከልላል፣ ከሥሩ ቆዳው በራሱ ጊዜ ይድናል። ስለዚህ እንደ ፊት ክሬም እያሹ ማስረግ ጥቅም የለውም። ፋርማሲስቷ "ግድግዳ እንደሚለስን ሰው አድርገሽ ለጥፊው፣ ቆዳው ከሥሩ መታየት የለበትም" አለችኝ። ሌላው ሁሉም እናት የሚሳሳተው፣ እኔም የተሳሳትኩት፣ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ነጩን ሁሉ ፈግፍጎ ማስለቀቅ ነው። አያስፈልግም። ካካ የነካውን ላዩን ብቻ አንሱና ከሥር ያለውን ንጹህ ቅባት ተዉት፣ ላዩ ላይ ጨምሩበት። የግድ መልቀቅ ካለበት በጥጥ ላይ ትንሽ የሕፃን ዘይት አድርጋችሁ ጥረጉት፣ ሳትፈገፍጉት ይወጣል።

የመጀመሪያውን ቀን ቀባሁት፣ ሌሊቱን ሁለት ጊዜ ተነስቼ ዳይፐሩን ቀየርኩ። ጠዋት ላይ ቅላቱ አልጠፋም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያኛው ቱቦ በአንድ ሌሊት ያሳየውን ለውጥ ይህኛው አያሳይም። ግን ስጠርገው አላለቀሰም። ፊቱን አጨማደደ፣ አየኝ፣ ዝም አለ። በሦስተኛው ቀን የተላጠው ቦታ ደረቀ፣ በአምስተኛው ቀን ቀለሙ ወደ ሮዝ ተመለሰ። የሳሳው ቆዳ ግን ጊዜ ወስዶበታል፣ ወር ያህል።

አሁን ስለ ውኃ። ዋይፕስ እጠቀም ነበር፣ ሽቶ ያለውን። የተቃጠለ ቆዳ ላይ ሽቶና አልኮል ያለው ዋይፕስ ማለት ቁስል ላይ አረቄ እንደማፍሰስ ነው፣ በዚያ ሰሞን ጨርሶ አቆምኩት። በምትኩ ፋርማሲስቷ የነገረችኝን አደረግኩ። አንድ ባዶ ሃይላንድ ወሰድኩ፣ ክዳኑን በትኩስ መርፌ ሰባት ስምንት ቦታ በሳሁት፣ ፈልቶ ለብ እስኪል የቀዘቀዘ ውኃ ሞላሁበት። ልጁን ሳፋ ላይ በክንዴ ደግፌ ሃይላንዱን ስጨምቀው እንደ ሻወር ቀጭን ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ እጄ ቁስሉን ሳይነካ ካካው ይለቃል። ለአንድ እጥበት ግማሽ ሊትር አይሞላም። እኛ ቤት ይህ ነገር ከቅባቱ ያልተናነሰ ለውጥ አምጥቷል። ሳሙና በቀን አንዴ፣ ሲታጠብ ብቻ፣ ያውም ሽታ የሌለው። ማድረቂያዬ አሮጌ ነጠላ ነው፣ ቆራርጬ በካርቶን አስቀምጬዋለሁ። ብዙ የታጠበ ነጠላ ምን ያህል እንደሚለሰልስ ታውቃላችሁ። አይጠረግበትም፣ ጠጋ ጠጋ እያደረጋችሁ ታደርቁበታላችሁ።

ከደረቀ በኋላ ወዲያው አታልብሱት። እናቶቻችን ልጅን ጠዋት ፀሐይ ያሞቁ የለ? እሱኑ ነው። ሰገነታችን ላይ የጠዋት ፀሐይ ይገባል፣ ነፋስ ስለሚበዛ ደረቱን ሸፍኜ መቀመጫውን ለቅቄ በሆዱ አስተኛዋለሁ፣ አስር አስራ አምስት ደቂቃ። አየር የሚነካው ቆዳ ቶሎ ይድናል። ከሥሩ ጨርቅ አንጥፉ፣ መሽናቱ አይቀርም። እናቴ ይህን ስነግራት "እኔስ ምን አልኩሽ" አለችኝ፣ በዚህኛው ልክ ናት።

የዳይፐሩን ጉዳይ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ቀይሩ፣ ካካ ካለ ወዲያው ቀይሩ ይባላል። ትክክል ነው፤ ከቅባቱም በፊት መከላከያው ይሄ ነው። ግን በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ ማለት በቀን ከስምንት እስከ አሥራ ሁለት ዳይፐር ነው። እኛ ሰፈር ሱቅ ላይ ዳይፐር በፍሬ የሚገዛ ቤተሰብ አለ፣ ለዛሬ ሦስት፣ ለነገ ሦስት። እንደዚያ የሚገዛ ሰው ዳይፐሩን ቢያቆየው ስንፍና ሆኖበት አይደለም። እኔ ያገኘሁት መፍትሔ ቀን ቀን ቤት ስንሆን ሽንት ጨርቅ ማሰር፣ ሌሊትና ከቤት ስንወጣ ዳይፐር መጠቀም ነው። ጨርቁ እርጥበትን ከቆዳ ስለማያርቅ ሲረጥብ ወዲያው መቀየር አለበት። ከላዩ ላስቲክ አታልብሱበት፣ ላስቲኩ እንፋሎቱን አምቆ ያንኑ መቃጠል ያመጣዋል። ሳሙናው እስኪለቅ ድረስ አለቅልቁት፣ ፀሐይ ላይ ስጡት። ሐምሌና ነሐሴ ላይ አይደርቅም፣ ያኔ እኔም ወደ ዳይፐር ተመልሻለሁ፣ ወጪውን ከሌላ ቦታ ቀንሰን። ዚንኩ ጨርቅ ላይ ከተጣበቀ ጨርቁ ሽንት አልመጥም ይላል፤ መሃል ላይ ያቺን የነጠላ ቁራጭ ጣል አድርጉበት። ዳይፐር ስትገዙ ደግሞ ለቁጠባ ብላችሁ ያነሰ ቁጥር አትግዙ፤ ታፋው ላይ መስመር ካወጣበት ጠቦታል።

አሁን ወደማይሠራበት ጊዜ ልምጣ። ልጄ ዘጠነኛ ወሩ ላይ ጆሮውን ታሞ ፀረ ባክቴሪያ ሽሮፕ ታዘዘለት። በአራተኛው ቀን ተቅማጥ፣ ከዚያ መቃጠል። ዚንኬን አውጥቼ እንደለመድኩት ለሰንኩት። ሦስት ቀን ሙሉ፣ እየቀየርኩ፣ ፀሐይ እያሞቅኩ። አልመለስ አለ። ሁለተኛው ጊዜ ስለሆነ እጥፋቱን ከፍቼ አየሁ። ብሽሽቱ ውስጥ ደማቅ ቀይ ነው፣ ጫፉ እንደተሰመረ፣ ከዋናው ቅላት ወጣ ብለው ደግሞ ትናንሽ ቀይ ነጠብጣቦች ተበትነዋል። ምላሱም ላይ ስጠርገው የማይለቅ ነጭ ነገር አለ፣ የወተት ቅሪት መስሎኝ ነበር። እየሮጥኩ ፋርማሲ ሄድኩ። እሷም ስነግራት ገና ሳልጨርስ "ጤና ጣቢያ ውሰጂው፣ አፉንም ይዩለት" አለችኝ፤ ምንም አልሸጠችልኝም።

ጤና ጣቢያ ያየችን ሲስተር አንዴ አየችውና ፈንገስ ነው አለች። ፀረ ባክቴሪያው መጥፎውን ሲገድል ፈንገሱን የሚይዙትን ጥሩዎቹንም ስለሚገድል፣ ከሱ በኋላ እንዲህ መምጣቱ የተለመደ ነው። ለመቀመጫው የክሎትሪማዞል ቅባት ብቻውን፣ ያለ ስቴሮይድ፤ ለአፉ የኒስታቲን ጠብታ። ሽሮፑን ግን ራስሽ እንዳታቋርጪ አለችኝ። አቀባቡ ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ የፈንገሱ መድኃኒት በስሱ፣ ትንሽ ቆይቶ ዚንኩ ከላይ። ገልብጣችሁ ከቀባችሁት አጥሩ መድኃኒቱንም አያስገባውም። ጠፋ ብላችሁም ወዲያው አታቁሙ፣ ከጠፋ በኋላም ጥቂት ቀን እንድቀጥል ታዝዣለሁ።

ስለዚህ መመዘኛዬ ይህ ነው። ዚንኩ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ለውጥ ካላሳየ፣ ወይም ቅላቱ እጥፋት ውስጥ ከገባ፣ ሌላ ቱቦ ፍለጋ አትዙሩ፣ ልጁን አሳዩት። ትኩሳት ካለ፣ ውኃ የቋጠረ ወይም መግል ያለው ነገር ከታየ፣ ቢጫ ቅርፊት ከሠራ፣ ከደማ፣ ቀን አትጠብቁ። አራስ ከሆነ ደግሞ በትንሹም ቢሆን ውሰዱት።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁለት ሴቶች ጠይቀውኛልና። ለተቅማጥ ከኦአርኤስ ጋር የሚሰጠው የዚንክ ኪኒን ሌላ ነው። እሱ በአፍ የሚወሰድ፣ 10 ቀን የሚሰጥ ነው፤ ፈጭታችሁ ቆዳ ላይ እንዳትነሰንሱት፣ ተቅማጡ ቆመ ብላችሁም እንዳታቋርጡት። ካላሚን ሎሽንም ውስጡ ዚንክ ኦክሳይድ አለ፣ ግን ውኃማ ነው፣ ይደርቅና ይረግፋል። ለዳይፐር አጥር አይሆንም።

ቅባቱ ላይ ቅሬታ አለኝ? አለኝ። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ላይ ይደነድንና ከቱቦው አልወጣ ይላል፣ ብብቴ ሥር ይዤ ነው የማለሰልሰው። የቱቦው ክዳን ቀጭን ነው፣ የመጀመሪያው በሳምንቱ ተሰነጠቀብኝ። ልብስ ላይ ያረፈው በአንድ እጥበት አይለቅም። አንዳንዴ ደግሞ ከገበያ ይጠፋል፣ ባለፈው ሁለት ሳምንት አጥቼ ቫዝሊን ነው የተጠቀምኩት። ሽቶ የሌለው ቫዝሊን ለመከላከል በቂ ነው፤ እንዲያውም አሁን ቆዳው ደህና ሲሆን በየቀኑ የምቀባው እሱን ነው፣ ርካሽ ነው፣ በቀላሉ ይቀባል። ቅላት ብቅ ሲል ግን ዚንክ።

ፋርማሲውም ሙሉ አይደለም። ጠባብ ነው፣ ሰው ሲበዛ ልጅ ታቅፎ ፀሐይ ላይ መጠበቅ አለ። ማታ ማታ የሚሠራው ልጅ ትሑት ነው፣ ግን እንደሷ አይጠይቅም፣ ያሉትን ስም ያወርዳል። ስለዚህ ምክር የምትፈልጉ ከሆነ ቀን ሂዱ። እኔ ግን ታክሲ ይዤ ቃሊቲ ድረስ የምሄድበትን ነገር ሁሉ አሁን መጀመሪያ እዚያ እጠይቃለሁ። ልትሸጥልኝ ስትችል፣ ብሩን ይዤ ፊቷ ቆሜ፣ ሁለት ጊዜ "አልሸጥልሽም" ብላኛለችና።

ልጄ አሁን አሥራ አንድ ወር ሆኖታል። ሁለተኛው ቱቦ ግማሽ ደርሷል፣ ሃይላንዱም አልጋው ሥር አለ። ፋርማሲው እሁድ ጠዋት ዝግ ነው፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወደ አምስት ሰዓት ገደማ ይከፍታሉ።